ምዕራፍ 7፦ ከማስነጠሱ በፊት

ታናሽ እህቴ ቨርጂኒያ ከገባች ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላት፣ ግንቦት ላይ ደወለችልኝ። ድምጿ ተዘግቷል። «ጋሼ፣ ይኼ ጉንፋን እኮ አምስተኛ ሳምንቱን ያዘ» አለችኝ። ዓይኗ ያሳክካታል፤ አፍንጫዋ እንደ ውኃ የቀጠነ ፈሳሽ ያወርዳል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ስምንቴም ዘጠኜም ተከታትላ ታስነጥሳለች። የሥራ ባልደረባዋ የመጀመሪያዋን «ይማርሽ» ትላታለች፣ ሁለተኛዋንም፤ ከዚያ በኋላ ግራ ገብቷት ዝም ትላለች። ትኩሳት የላትም። አንቲባዮቲክ ሁለት ጊዜ ታዞላት ጨርሳ ምንም ጠብ አላለላትም። በመጨረሻ «መቼም ሳይነስ ነው» ብላ ደምድማ ነበር፤ እኛ ዘንድ አፍንጫን የሚነካ ችግር ሁሉ ሳይነስ መባሉ የተለመደ ነውና።

ያመማት የሣር ብናኝ አለርጂ እንደሆነ ለመጠርጠር ጊዜ አልፈጀብኝም። ጉንፋን በሳምንት፣ ቢበዛ በዐሥር ቀን ይለቃል፤ ዓይንና ላንቃን እንዲህ አያሳክክም፤ በዓመቱ ያንኑ ወር ጠብቆም አይመጣም። እሷ ባለችበት በዋሽንግተን ዙሪያ ዛፎች ከመጋቢት ጀምረው ያብባሉ፤ ግንቦትና ሰኔ የሣር ተራ ነው። መልስ ለመስጠት የተቸገርኩት ቀጥላ ለጠየቀችኝ ጥያቄ ነው። «ያለፉትን ሁለት ዓመታት እኮ እዚሁ ሰፈር፣ በዚሁ ሣር ላይ ስመላለስ ምንም አልሆንኩም። ዘንድሮ ምን መጣ?»

ይህ ምዕራፍ የተጻፈው ለዚህ ጥያቄ ነው።

አበባ የማይመስለው አበባ

መስከረም ጠብቶ ማስነጠስ የጀመረው የአዲስ አበባ ሰው ብዙ ጊዜ ጣቱን የሚቀስረው አደይ አበባ ላይ ነው። መስኩን ያለበሰችው እሷ ናትና መጠርጠሯ አይገርምም። ነገር ግን አደይ ያንን የሚያበራ ቢጫ የለበሰችው ለንብ ብላ ነው። ብናኟ ከባድና የሚጣበቅ ነው፤ በንብ እግር ተጭኖ ከአበባ ወደ አበባ እንዲሄድ የተሠራ እንጂ በነፋስ ወደ ሰው አፍንጫ እንዲገባ አይደለም።

ሣር ንብ አይጠራም። ብናኙን የሚሰጠው ለነፋስ ነው፤ ነፋስ ደግሞ ቀለም አይመርጥም፣ መዓዛም አያባብለውም። ስለዚህ የሣር አበባ ቀለምም ሽታም ማርም የለውም። ከሰንበሌጥ ጫፍ ላይ የሚንዠረገገውን ዘለላ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው፣ ከእያንዳንዷ ቅንጣት በቀጭን ክር የተንጠለጠሉ ትንንሽ ከረጢቶች ያገኛል። ጠዋት ጤዛው ደርቆ ፀሐይ ስትበረታ ከረጢቶቹ ይከፈታሉ። ከዚያ የሚወጣው ዱቄት የሣሩ ወንዴ ዘር ነው፤ ሐኪሞች ፖለን ይሉታል፣ እኔ ብናኝ እለዋለሁ። ነፋስ መልእክተኛ ቢሆንም አድራሻ አያውቅም። አንዷ ቅንጣት ከተገቢው ቦታ እንድትደርስ እልፍ ቅንጣት መበተን ያስፈልጋል፤ ከአንድ ዘለላ ብቻ ሚሊዮኖችን የሚበትን ዝርያም አለ። እያንዳንዷ ቅንጣት ከ20 እስከ 40 ማይክሮን ብትሰፋ ነው፤ ይህም ከአንዲት ጠጉር ውፍረት በግማሽ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም።

ቤተሰቡ ሰፊ ነው፤ ከ11,000 በላይ ዝርያዎች አሉት። ስንዴና ገብስ፣ ማሽላና በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ ቀርከሃ ሁሉም ሣር ናቸው። ጤፍም ሣር ነው። ይህን ስናገር እንጀራ ሊያስነጥስ ነው ብሎ የሚደነግጥ እንዳይኖር አንድ ነገር ላስረግጥ። ጤፍ በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል በመሆኑ ወደ አየር የሚበትነው ብናኝ ጥቂት ነው፤ የምንበላውም ፍሬውን ነው። የሣር ብናኝ አለርጂ ያለበት ሰው እንጀራውን ያለ ሐሳብ ይብላ። አውድማ ላይ እብቅና አቧራ ሲነሣ የሚያስለው ሰው ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው፤ እዚያ አየር ላይ የሻጋታና የገለባ ብናኝ ስላለ ከዚህኛው ጋር መቀላቀል የለበትም።

ወጥመዱ መቼ ተጠመደ?

የአይጥ ወጥመድን እናስብ። ማታ ሽቦው ወደ ኋላ ተስቦ፣ ተወጥሮ፣ በአንዲት ቀጭን ማገጃ ይያዛል። እኩለ ሌሊት ላይ አይጧ መጥታ በአፍንጫዋ ነካ ስታደርገው ይፈናጠራል። ያን ሁሉ ጉልበት ከየት አመጣው? አይጧ ያደረገችው መንካት ብቻ ነው። ጉልበቱ ማታ ሽቦው ሲወጠር ተጠራቅሞ አድሯል።

አለርጂን ለመረዳት ከዚህ ወጥመድ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በተለምዶ «ሣሩ አስነጠሰኝ» እንላለን። ሣሩ ግን መርዝ የለውም፤ በራሱ የሚጎዳው ነገርም የለም። ነካ ብቻ አደረገ። የማስነጠሱ ጉልበት ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በፊት በገዛ ሰውነታችን የተወጠረ ነው።

በምዕራፍ 4 ስለ ክትባት ስንነጋገር ሰውነት የማስታወስ ችሎታ እንዳለው አይተናል። ኩፍኝን አንድ ጊዜ የተዋወቀ ሰውነት፣ በሽታው ዳግመኛ ሲመጣ የሚጠብቀው ታጥቆ ነው። አለርጂም የሚሠራው በዚሁ ችሎታ ነው፤ የሚለየው ሰውነት በጠላትነት የመዘገበው ነገር ጠላት አለመሆኑ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ይሆናል። ብናኝ እርጥብ የአፍንጫ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ በደቂቃዎች ውስጥ ፕሮቲኖቹን ያፈስሳል። በምዕራፍ 2 «ቃፊሮች» ያልናቸው ሴሎች ይህን ፕሮቲን ወስደው ለነጭ የደም ሴሎች ያሳያሉ። በብዙ ሰው ላይ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ «ይህ ምንም አያደርግም» ተብሎ ይታለፋል። በአንዳንዱ ሰው ላይ ግን፣ በተለይ በቤተሰቡ አለርጂ፣ አስም ወይም የቆዳ ችፌ ካለ፣ ፍርዱ ይለያል። ሰውነቱ ለዚያ ፕሮቲን ብቻ የተቀረጸ ፀረ እንግዳ አካል መሥራት ይጀምራል። ስሙ አይጂኢ ይባላል።

አይጂኢ በደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ በሁለት ቀን ገደማ መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል። ዘላቂ ማረፊያው ሌላ ነው። በአፍንጫ፣ በዓይን፣ በሳንባና በቆዳ ሥር ማስት ሴል የሚባሉ ሴሎች አሉ፤ ሆዳቸው በሂስታሚን ከረጢቶች የተሞላ ነው። አይጂኢ እነዚህ ሴሎች ላይ ሄዶ ይተከልና ለሳምንታት ይቀመጣል። አንዱ ማስት ሴል በመቶ ሺህ የሚቆጠር መትከያ አለው። ሽቦው ተወጠረ ማለት ይህ ነው። በዚህን ጊዜ ሰውየው ምንም አይሰማውም፤ አያስነጥስም፣ አያሳክከውም።

እህቴ ሁለቱን ጸደዮች በደኅና ያለፈችው ለዚህ ነው። ሣሩ ያኔም ነበረ፤ እሷም ትተነፍሰው ነበር። በሁለቱ ዓመታት ወጥመዱ እየተጠመደ ነበር፤ በሦስተኛው ተፈናጠረ። አገር ቀይረው ከሁለት፣ ከሦስት፣ ከአምስት ዓመት በኋላ አለርጂ የሚጀምራቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ብዙዎቹም «አገሩ አልተስማማኝም» ይላሉ። እውነትነት አለው፤ ሰውነታቸው በልጅነቱ ያልለመደውን የሣር ዓይነት በብዛት ተዋውቋል፣ ትውውቁ ግን ጊዜ ፈጀ።

ወጥመዱ ሲፈናጠር የሚሆነውም ሊጤን ይገባል። አንድ ፕሮቲን አንድ አይጂኢን ብቻ ቢነካ ምንም አይፈጠርም። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለቱን ባንድ ላይ ሲያያይዝ ነው ሴሉ የሚከፈተው፤ ሁለት ሰዎች የየራሳቸውን ቁልፍ ይዘው ካልመጡ እንደማይከፈት ካዝና ማለት ነው። ካዝናው ሲከፈት ሂስታሚን በደቂቃዎች ውስጥ ይፈስሳል። ነርቭን ሲነካ ያሳክካል፣ ያስነጥሳል፤ ጥቃቅን የደም ሥሮችን ሲያሰፋ ዓይን ይቀላል፣ አፍንጫም ያብጥና ይዘጋል። ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት በኋላ ደግሞ ሁለተኛ ዙር ይመጣል፤ የተጠሩ ሌሎች ሴሎች ደርሰው ቦታውን ያስቆጡታል። ጠዋት መስክ ላይ የቆየ ሰው ማታ አልጋው ውስጥ አፍንጫው የሚታፈንበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

ሌላም አለ። ወቅቱ እየገፋ ሲሄድ የቆሰለው አፍንጫ ይበልጥ ስስ ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ብናኝ ይፈልግ የነበረው ወጥመድ፣ በአራተኛው ሳምንት ጥቂት ቅንጣት ይበቃዋል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ስለ ሕክምና ስንነጋገር እንመለስበታለን።

ሁለት ሐኪሞች፣ አንድ ሕመም

የለንደኑ ሐኪም ጆን ቦስቶክ በ1819 እ.ኤ.አ. ለሙያ ባልደረቦቹ አንድ በሽተኛ አቀረበ። በሽተኛው ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ዓይኑ ይቀላል፣ ያስነጥሳል፣ ደረቱ ይታፈናል። በሽተኛው ራሱ ቦስቶክ ነበር። በ1828 ሌሎች 28 ሰዎችን ጨምሮ ጻፈ። መንሥኤውን ግን አላገኘውም፤ የበጋው ሙቀት ይመስለው ነበር።

ቁልፉን ያገኘው ሌላ ሐኪም፣ የማንቸስተሩ ቻርለስ ብላክሊ ነው፤ እሱም የዚሁ ሕመም ተጠቂ ነበር። ብላክሊ የሣር ብናኝ እየሰበሰበ አፍንጫው ውስጥ ነፋ፣ ዓይኑ ላይ አደረገ፣ ክንዱን ጫር አድርጎ አሸበት፤ እያንዳንዱንም መዘገበ። ብናኝ ከፍ ባለው አየር ላይም መኖሩን ለማወቅ የሚጣበቅ መስታወት በወረቀት አሞራ አስሮ ከ300 ሜትር በላይ ወደ ሰማይ ላከ፤ ብናኙ እዚያም ነበር። መጽሐፉን በ1873 አሳተመ። በራሱ ሥቃይ ላይ እንዲህ በትዕግሥት የሠራን ሰው ሳስብ ልቤ ይነካል። ዛሬ ሐኪም ክንድ ላይ የብናኝ ጭማቂ ጠብ አድርጎ ቆዳውን በመርፌ ጫፍ ነካ የሚያደርግበት ምርመራ የብላክሊ ውርስ ነው። በ15 ደቂቃ ውስጥ ቦታው እንደ ትንኝ ንክሻ ካበጠ፣ ወጥመዱ ተጠምዷል ማለት ነው። ልብ እንበል፤ ተጠምዷል እንጂ ታሟል ማለት አይደለም። ምርመራው አዎንታዊ ሆኖ በሕይወቱ አስነጥሶ የማያውቅ ሰው አለ። ውጤቱ ከሕመሙ ወቅትና ታሪክ ጋር ካልገጠመ ብቻውን አይበቃም። ከምርመራው በፊት የአለርጂ ክኒን ለቀናት ማቆም እንደሚያስፈልግም ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል፤ አለዚያ ክኒኑ እብጠቱን ደብቆ ያሳስታል።

ብላክሊን አንድ ነገር ግራ አጋብቶት ነበር። ከሁሉ ይልቅ ብናኝ የሚተነፍሰው ገበሬ ነው፤ የሚታመመው ግን በብዛት የከተማውና የተማረው ሰው ነው። ለምን?

የጅማ ፍንጭ

ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት ፍንጮች አንዱ የመጣው ከአገራችን ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት የታተመ ጥናት በጅማ ከተማና በዙሪያው ገጠር ያሉ ሰዎችን አነጻጽሮ፣ አስም በከተማው ከገጠሩ ይልቅ እንደሚበዛ አሳየ። በ2001 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ በአንጀታቸው ብዙ የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው የሚያፏጭበት አጋጣሚ ያነሰ መሆኑን ዘገበ። ጥናቶቹ ስለ ሣር ብናኝ አይደሉም፤ ስለ ደረት ማፏጨት ናቸው። ቢሆንም ነገሩ አይጂኢ ለምን እንደተፈጠረ ከምናስበው ጋር ይገጥማል። አይጂኢ ጥንት የተሰለፈው ትልን ከመሰሉ ጥገኛ ተባዮች ጋር ለመዋጋት ነው ይባላል። ትሉ ሰውነት ውስጥ ለመቆየት ሲል መከላከያውን ያለዝበዋል። ትል በሌለበት ኑሮ የሚያለዝበው የለም፤ ወጥመዱም ለአይጥ ሳይሆን ለእንግዳ ይጠመዳል።

ከዚህ ተነሥቶ ትል መልካም ነው የሚል መደምደሚያ ላይ መድረስ ስሕተት ነው። የመንጠቆ ትል ደም ይመጥጣል፤ ልጅን ከዕድገት ያስቀራል። ለሙከራ ተብሎ ትሉን በፈቃዳቸው የወሰዱ የአለርጂና የአስም ሕሙማንም ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኙም። የትል መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ይዋጠው።

ክረምት ሳይገባ

ወጥመዱ የሚጠመደው አስቀድሞ ከሆነ፣ መከላከሉም አስቀድሞ መሆን አለበት። ጣሪያ የሚከደነው ክረምት ሳይገባ ነው። ብዙ ሰው ግን የአለርጂ መድኃኒት የሚያስታውሰው ዝናቡ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው፤ ከዚያም «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ይላል።

ለዚህ ትልቁ ምሳሌ የአፍንጫ ስቴሮይድ ስፕሬይ ነው። ፍሉቲካሶን፣ ሞሜታሶን፣ ቤክሎሜታሶን የሚባሉት ናቸው። ለቆየና ኑሮን ለሚያውክ የአፍንጫ አለርጂ ከሁሉ የሚሻሉት እነሱ ናቸው። ነገር ግን ሙሉ ኃይላቸውን ለማሳየት ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት በየቀኑ መወሰድ አለባቸው። ስለዚህ የሚጀመረው ወቅቱ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። አፍንጫ ይበልጥ ስስ ይሆናል ያልነው ትዝ ይላችኋል? ቀድሞ የተጀመረ ስፕሬይ ያንን ይከላከላል። አነፋፉም ጥንቃቄ ይሻል። ጎንበስ ብሎ፣ በቀኝ እጅ የግራውን፣ በግራ እጅ የቀኙን ቀዳዳ መንፋት፣ ጫፉንም ከመሐለኛው ግድግዳ አርቆ ወደ ውጭ፣ ወደ ዓይን ጠርዝ አቅጣጫ ማዞር። ግድግዳውን የሚመታ ሰው አፍንጫው ይደማና መድኃኒቱን ይተዋል።

ክኒኖቹ የሚሠሩት በሌላ በኩል ነው፤ ወጥመዱን አይፈቱትም፣ የተለቀቀው ሂስታሚን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድመው ይይዙበታል። «ቀድመው» ማለቴ ደግሞ በምክንያት ነው፤ መስክ ከመውጣት በፊት የተዋጠ ከወጡ በኋላ ከተዋጠው ይሻላል። ሎራታዲን፣ ሴቲሪዚንና ፌክሶፌናዲን ከቀድሞዎቹ ይመረጣሉ። ክሎርፌኒራሚንና ፕሮሜታዚን ያስተኛሉ፤ መሪ ለሚይዝ ሰው አደጋ ናቸው። ሴቲሪዚንም አንዳንዱን ሰው ያንገላጅጃል። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳይጠይቁ አይጀምሩ።

ሁለት ነገሮችን በብርቱ እቃወማለሁ። አንደኛው ዛይሎሜታዞሊን ያለበትን፣ የተዘጋ አፍንጫ ባንድ አፍታ የሚከፍት ጠብታ ለሳምንታት መጠቀም ነው። ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ካለፈ አፍንጫው ያለ ጠብታው አልከፈትም ይላል፤ መድኃኒቱ ራሱ ሕመም ይሆናል። ሁለተኛው «ወቅቱን ሙሉ የሚገላግል» እየተባለ የሚወጋው ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የስቴሮይድ መርፌ ነው። እፎይታው እውነት ነው፤ ጉዳቱ ግን ለአጥንትም፣ ለስኳርም፣ ለሰውነት የራሱ ሆርሞንም ይተርፋልና የሕክምና መመሪያዎች አይመክሩትም።

ማርን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ማር ጉሮሮን ያለሰልሳል። ነገር ግን ንብ የምትቀስመው እንደ አደይ ካሉ አበቦች ነው፤ የሚያስነጥሰን ደግሞ በነፋስ የሚሄደው ነው። ማር ለዚህ መድኃኒት ይሆናል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም።

ቤት ውስጥ የሚደረገው ቀላል ነው፤ ይጠቅማልም። ከውጭ ሲገቡ ልብስ መቀየር፣ ማታ ጠጉርን ታጥቦ መተኛት፣ በብናኝ ወቅት አንሶላን ውጭ አለማስጣት፣ መኪና ውስጥ መስኮት መዝጋት። አፍንጫን በጨው ውኃ ማጠብም ብናኙን ጠርጎ ያወጣል፤ ውኃው ግን ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት እንጂ ከቧንቧ እንደወረደ አይሁን።

ደረት ሲያፏጭ

የሣር ብናኝ በአብዛኛው ወደ ሳንባ ለመግባት ትልቅ ነው፤ አፍንጫ ላይ ይቀራል። በነጎድጓድ ጊዜ ግን እርጥበት ብናኙን ያፈነዳዋል፤ በውስጡ ያሉት በመቶዎች የሚቆጠሩ ደቃቅ ቅንጣቶች ይበተናሉ። እነዚህ ሳንባ ድረስ ይወርዳሉ። ኖቬምበር 21 ቀን 2016 እ.ኤ.አ.፣ እነሱ ጸደይ ላይ ሳሉ፣ በአውስትራሊያዋ ሜልቦርን እንዲህ ያለ ማዕበል መጣ። በአንድ ሌሊት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ትንፋሽ አጥሯቸው ሆስፒታሎችን አጥለቀለቁ፤ ዐሥር ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ሕሙማን የአፍንጫ አለርጂ ብቻ አለብን ብለው የሚያስቡ ነበሩ።

ስለዚህ ከማስነጠሱ ጋር ደረቱ የሚያፏጭ፣ ሌሊት ሳል የሚቀሰቅሰው፣ ደረጃ ሲወጣ የሚታፈን ሰው ነገሩን እንደ አፍንጫ ጉዳይ አይተወው። አስም ሊሆን ይችላልና ይታይ። የሚተነፈስ መድኃኒት የታዘዘለትም ማዕበል ባለበት ቀን ከኪሱ አይለየው።

ሽቦውን ማላላት

እስካሁን ያልነው ሁሉ ወጥመዱ ሲፈናጠር ጉዳቱን የሚቀንስ ነው። ወጥመዱን ራሱን ለማላላት የተሞከረው በ1911 በለንደን ቅድስት ማርያም ሆስፒታል ነው። ሊዮናርድ ኑን የሚባል ሐኪም ጢሞቲ ከሚባል የሣር ዓይነት ብናኝ ጭማቂ አዘጋጅቶ፣ እጅግ ጥቂት መጠን ከቆዳ ሥር እየወጋ ቀስ በቀስ ጨመረ። ሐሳቡ ስሕተት ነበር፤ ብናኝ መርዝ ያለው ይመስለው ነበር። መንገዱ ግን ትክክል ሆኖ ተገኘ። ኑን በሳንባ ነቀርሳ በ1913 ሞተ፤ ሥራውን የቀጠለው ባልደረባው ጆን ፍሪማን ነው።

ሰውነት ያንኑ ፕሮቲን በሌላ መንገድ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ደጋግሞ ሲተዋወቀው ፍርዱን ይከልሳል። ሌላ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ይሠራና ብናኙ አይጂኢ ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀበለዋል። ይህ በወር አይሆንም። ሕክምናው ሦስት ዓመት ይወስዳል፤ ከቆመ በኋላ ግን ጥቅሙ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። መርፌ የሚወስድ ሰው ከእያንዳንዱ በኋላ 30 ደቂቃ ክሊኒክ ውስጥ ይጠብቃል፤ አልፎ አልፎ ብርቱ አለርጂ ሊቀሰቅስ ይችላልና። አስሙ ያልተረጋጋ ሰው አይጀምረውም። ምላስ ሥር የሚሟሟ ክኒንም አለ፤ አሜሪካ ውስጥ ለሣር የተፈቀደው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። የመጀመሪያው ክኒን ሐኪም ፊት ይወሰዳል፤ የቀረው ቤት ውስጥ። የሚጀመረው የሣር ወቅት ከመግባቱ ቢያንስ 12 ሳምንት ቀደም ብሎ ነው።

እህቴ የጀመረችው ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነው። ያን ቀን ጠዋት ደውላልኝ ነበር። ከመስኮቷ ውጭ ያለው ሣር በረዶ ለብሷል፣ አንድም ብናኝ አየሩ ላይ የለም፣ አፍንጫዋም ደኅና ነው። ምላሷ ሥር ያስቀመጠችው ክኒን ኑን ከተጠቀመበት ከዚያው ከጢሞቲ ሣር የተሠራ ነበር። «አሁን እኮ ምንም አላመመኝም፣ ጋሼ» አለችኝ፤ «አዎ፣ ለዚህ ነው አሁን የሚጀመረው» አልኳት።